ሰም መቀባት መዋሸት ነው?

እህቶቼ፣ እዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ መኪና ሰም ነው። አትሳቁ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ የመጣው ከእሱ ነው። ጥያቄው ይኼ ነው፦ ሰው ያለበትን ነገር ላዩን አሳምሮ ቢሸፍነው ዋሸ ይባላል ወይስ ራሱን ጠበቀ? የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ መልሱን በመጽሐፍ ቋንቋ አላውቀውም። የማውቀውን ግን በደረሰብኝ ነገር እነግራችኋለሁ።

የምሠራው በሰሜን ሪያድ ነው። ኮንትራቴ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ይላል። አገር ቤት ሥልጠና ስወስድም ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ ካውያ፣ ስለ ሕፃን አያያዝ እንጂ ስለ መኪና ያስተማረኝ የለም። ማዳም ግን የራሷ መኪና አላት። እዚህ አገር ሴቶች መንዳት የተፈቀደላቸው ሰኔ 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ እሷም ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃድ ካወጡት አንዷ ናት። ጥቁር ጂፕ ነው፣ እንደ ልጇ ነው የምታየው። ሹፌሩ ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ነው፤ ልጆቹም እኔም «ዐሚ» ነው የምንለው። እሱ የሚነዳው ልጆቹን የሚያመላልስበትን ሌላ መኪና ነው፤ የማዳምንም የሚያጥበውና ሰም የሚቀባው ግን እሱ ነው።

ባለፈው መጋቢት አንድ ሌሊት ጉባር ሲነፍስ አደረ። የሪያድን ጉባር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። መስኮት ዘግተሽ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ጎስጉሰሽ፣ ጠዋት ጥርስሽ ላይ አሸዋ ታገኛለሽ። ማዳም ቸኩላ ወረደች። ዐሚ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። «ያላ፣ መኪናውን ጥረጊልኝ» አለችኝ። እጄ ላይ የነበረው ደረቅ ጨርቅ ነው። ጠረግኩት። እንደ ቡፌ መስታወት ክብ ክብ እያደረግኩ፣ ጫን እያልኩ። ሥራዬን የምወድ አይደለሁ!

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ አርፋ አየሁት። ፀሐይዋን ዞሮ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ጭረት። ለካ የጠረግኩት አቧራ አልነበረም፣ አሸዋ ነው። ደረቅ ጨርቅ ከአሸዋ ጋር ሲሆን ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው፤ አናጢ እንጨት ከሚያለሰልስበት አይለይም። እግሬ ከዳኝ። ስንት ያስከፍሉኝ ይሆን? የአንድ ወር ደሞዝ? የሦስት?

ሳይነጋ፣ ሱብሒ ሳይሰገድ ወደ ግቢ ወረድኩ። ዐሚ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ ክብ ቆርቆሮ አለ፤ በዐረብኛ «ሸመዕ» ይላል፣ ይቺን ማንበብ እችላለሁ። ቀባሁ፣ ወለወልኩ። ወላሂ ጭረቱ ጠፋ! ጥቁሩ መኪና ሰማይ የሚያሳይ መስታወት ሆነ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና መኪናውን ደገፍ ብዬ ፎቶ ተነሣሁ። ለታናሽ እህቴ ላክኩላት። ፎቶዋን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ማዳም ስታየው «ማሻአላህ» አለች፤ ያመሰገነችው ግን ዐሚን ነው። እሱ መኪናውን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ምንም አላለም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየ። ሦስት አራት ጊዜ ሲታጠብ ግን የቀባሁት ታጠበና ጭረቱ እንደነበረው ብቅ አለ። ያየው ባለቤቷ ነው። ዐሚን ጠራው። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። ዐሚ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እኔ አይደለሁም አላለም። እሷ ናትም አላለም። ኮፈኑን ለማስለወል ከደሞዙ 300 ሪያል እንደሚቆረጥ ተነገረው፣ «ሃዲር» ብሎ ወጣ።

ያን ሌሊት ያላገኘሁት ምክንያት የለም። እሱ ደሞዙ ከእኔ ይበልጣል። እሱ ወንድ ነው፣ አይጮኹበትም። ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ደግሞስ ምስጋናውን በነጻ ወስዶ የለ? ይቺን የመጨረሻዋን ሳስብ ራሴን አፈርኩበት። ጠዋት ለማዳም ነገርኳት።

ነገርኳት፣ አቀፈችኝ፣ ይቅር አለችኝ የሚል ተረት አልነግራችሁም። ዝም ብላ አየችኝና «ጭረቱስ ይሁን፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቴ ላይ ስትስቂ ነበር?» አለችኝ። የዐሚ ቅጣት ተነሣ፤ ከእኔ በወር 150 ሪያል ሁለት ወር ተቆረጠ። ቸኩላ ያስጠረገችኝ እሷ ናት፣ ያላስተማሩኝን ሥራ ነው የሠራሁት፤ ገንዘቡ እስከ ዛሬ ያመኛል። ግን ያ ጥያቄዋ ከገንዘቡ በላይ ከነከነኝ፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው፣ ስስቅ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ እስቃለሁ እኮ! ሲያመኝም፣ ሲከፋኝም። የዚያን ሦስት ሳምንት ሳቅ ከሌላው ቀን ሳቄ የሚለየው ምንድነው?

መልሱን የጀመረልኝ ዐሚ ነው። የሚቀጥለው ዓርብ መግሪብ ሲቃረብ ጠራኝና «ነይ፣ አሁን ተማሪ» አለኝ። የእሱም የእኔም ዐረብኛ ስብርብር ነው፤ እጁ ግን በደንብ ያስረዳል። እሱ ያልነገረኝን በኋላ ከስልኬ አነበብኩት።

መጀመሪያ ያሳየኝ ሁለት ዕቃ ነው። ዐረቦቹ አንዱን ተልሚዕ፣ አንዱን ተሽሚዕ ይሉታል፤ እኛ ፖሊሽና ሰም እንበል። ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል። ፖሊሽ ይልጣል፣ ሰም ይደርባል። የመኪና ቀለም ላዩ ላይ ግልጽ የሆነ፣ እንደ ቫርኒሽ ያለ ሽፋን አለው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ጭረት በፖሊሽ ሲጠፋ፣ ጭረቱ ተሞልቶ ሳይሆን ዙሪያው ተልጦ እኩል ሆኖ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ወስደሽ ባስለወልሽው ቁጥር ሽፋኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ በየወሩ የሚደረግ አይደለም። ሰም ግን ከሽፋኑ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ስስ ልብስ ነው። ፀሐዩን፣ አቧራውን፣ የወፍ ኩሱን እሱ ይቀበላል፣ እሱ ያልቃል፣ ከዚያ ሌላ ይቀባል። ጭረት አያድንም፣ ድንጋይም አይመልስም። አንዳንዱ ሰም ዘይት ስላለበት ጥቃቅኑን ጭረት ሞልቶ ለጊዜው ይደብቃል። እኔ ያገኘሁት እንደዚያ ያለውን ነበር።

ሰሙም ዓይነት ዓይነት አለው። የእኛ አገር የንብ ሰም 65 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል፤ በሪያድ በጋ ጥቁር ኮፈን ፀሐይ ላይ ውሎ 70 ሊደርስ ይችላል፣ እጅሽን ብታሳርፊበት ትጮኺያለሽ። ስለዚህ ለመኪና በብዛት የሚመረጠው ካርናውባ የሚባል፣ ከብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ጠንካራ ሰም ነው፤ ለመቅለጥ ከ80 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለብቻው እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ከዘይትና ከሌላ ሰም ጋር ደባልቀውት ነው በቆርቆሮ የሚሸጡት። ዛፉ ይህን ሰም የሚያወጣው ለምን እንደሆነ ሳነብ ተገርሜያለሁ። የሚኖረው ድርቅ ባለበት ነው፤ ቅጠሉን በሰም የሚለብሰው ውስጡ ያለችው ውኃ በፀሐይ እንዳትተንበት ነው። ለማማር አይደለም። ለመኖር ነው።

ካርናውባው ያምራል ግን ቶሎ ያልቃል፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ሁለት ወር ከቆየ ብዙ ነው። በፋብሪካ የተሠራው ሰው ሠራሽ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፣ ውበቱ ግን ትንሽ ቀዝቃዛ ነው። በጠርሙስ የሚረጨው ለመቀባት ቀላል ነው፤ ዕድሜው ሳምንታት ነው። ዐሚ በጋ ሲገባ ሰው ሠራሹን፣ ለዒድ ሲሆን ካርናውባውን ይመርጣል። ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል።

አቀባቡ ላይ ደግሞ ምን አስታወሰኝ መሰላችሁ? ምጣድ ማሟሸት። እናቴ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ ጎመን ዘሩን ወቅጣ በጋለው ምጣድ ላይ በጨርቅ ታሻለች፣ ትጠርጋለች፣ እንደገና ታሻለች። ስስ ስስ አድርጋ። እኔ ልጅ ሆኜ «ብዙ አድርጊበትና እንገላገል» ስላት «የበዛው እንጀራውን ዓይን ያሳጣዋል» ትለኝ ነበር። ሰምም ልክ እንደዚያ ነው። በስሱ፣ ጥላ ሥር፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ አንድ በር ጨርሰሽ ወደ ሌላው። ትንሽ ቆይቶ ጉም ሲመስል በጣትሽ ታልፊበታለሽ፤ ጥርት ብሎ ከለቀቀ ደርቋል ማለት ነው፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ትወለውያለሽ። ጥቁሩን ፕላስቲክ እንዳትነኪው፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላም በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አታጥቢው፣ ሰሙን ይገፈዋል፤ የመኪና ሻምፖ አለ።

ከሁሉ በፊት ግን መታጠብ አለበት። ዐሚ አጥቦ ካደረቀው በኋላ ስስ ፌስታል እጁ ላይ አጠለቀና ኮፈኑን ዳበሰው። «አንቺም ሞክሪ» አለኝ። በባዶ እጄ ለስላሳ የነበረው በፌስታሉ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለዓይን የማይታይ ነገር ተጣብቆበታል። እሱን በሊጥ መሰል ጭቃ እያሸ አነሣው። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ሊስትሮ ነበር፤ ጫማ ሲያቀርቡለት ቀለሙን ቀድሞ አያነሣም፣ መጀመሪያ አቧራውን ያራግፋል፣ ያጥባል፣ ያደርቃል። የእኔ ስህተት ማንም ሊስትሮ የማይሳሳተው ነው።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ ነው ጥያቄው የተነሣብኝ። ትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩን ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ውስጡ የተደበቀው ነው ተባልን። ምሳሌው የመጣው ከአንጥረኛ ነው፦ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ በቦታው ወርቁ ይገባል። ስለዚህ ብልህ ሰው ሰሙን ጥሎ ወርቁን ይፈልግ ነው ትምህርቱ። አማርኛ ላይ ያን ያህል ጎበዝ አልነበርኩም፣ ግን ይቺ ገብታኛለች፤ ለዚህም ነው የሚሸፍን ነገር ሁሉ ሐሰት ይመስለኝ የነበረው። እኛ ሠፈር ጠጅ የምትጥል ሴት ነበረች፤ ከጠጁ የተረፈውን ሰፈፍ እየጠፈጠፈች ለሰም ነጋዴ ትሸጣለች። ጧፍ ይሆናል። ለእሷ ሰም የሚጣል አልነበረም። መኪናው ላይ ያለውም የሚጣል አይደለም፤ ሥራው እዚያው ሆኖ ማለቅ ነው።

አንዷ ጓደኛዬ፣ በኢሞ ድምፅ የምንላላከው፣ ይኼን ስነግራት ሳቀችብኝ። «አንቺ ቅንጦት አብዝተሻል» አለች። «እኛ ሰም ባንቀባ አንድ ቀን አንውልም። ማዳሜ ስትጮህብኝ ሃዲር እላለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ የልቤን በአማርኛ ለድስቱ እነግረዋለሁ። ይኼ ውሸት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ብዙ አሰብኩበት፣ አይደለም። በ«ሃዲር»ዋ ማንም አልተጎዳም፣ ውስጧም አልተነካም፤ ጩኸቱ ያረፈው ቃሏ ላይ ነው። የዘንባባው ቅጠል ነው እሷ። እንዲያውም ሃዲሯን የሚሰማት ሁሉ ሃዲር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ማዳሟም ጭምር።

የእኔ የሦስት ሳምንት ሳቅ ግን ሌላ ነው። ከሥሩ ጭረት ነበር፣ ጭረቱም ዋጋ ነበረው፣ ሰሙ ሲታጠብ ዋጋው የተጠየቀው ዐሚ ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሰው መሸፈኑ ብቻውን አያስጠይቀውም፤ ሽፋኑ ሲነሣ ከሥሩ ለሚገኘው ማነው የሚከፍለው? ራሴ ከሆንኩ የራሴ ጉዳይ ነው። ሌላ ሰው ከሆነ፣ በእሱ ገንዘብ ነው ያማረብኝ።

በዚህ ሚዛን የስልክ ንግግሬን ሁሉ መመዘን ጀመርኩ። እናቴ ደም ብዛት አለባት። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ዘግቶ «ደህና ነኝ፣ ኤሲው ነው» ብያት አውቃለሁ። ይቺን አልጸጸትባትም። ጉንፋኑ ያልፋል፣ እሷም እንቅልፏን ተኝታለች። ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ሰም ፀሐይ ላይ ከተቀባ፣ ወይም ወፍር ሳይወለወል ከቆየ፣ እንደ ደረቀ ሊጥ ይጣበቅና ለማንሣት ያስቸግራል። የማውቃት ልጅ አለች፤ ስድስት ዓመት ሠርታ አገሯ ገባች። እናቷ «ልጄ ምን ሆነች? ምን ትበዪ ብላት እሺ፣ አመመሽ ወይ ብላት እሺ ነው የምትለኝ» ብላ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ሽፋኑን የሚያወልቅበት ሰዓት ያጣ ሰው እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልጋል፣ ያለ ሰም የሚያየን። ለእኔ ያቺ የድምፅ ጓደኛዬ ናት።

አሁን ወደ ፎቶዋ። እህቴ ሐርቡ ነው ያለችው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ፎቶውን ስልክላት «እታለም፣ መኪናሽ ነው?» ብላ ጻፈች። የሳቅ ምልክት ላክኩላት። አዎም አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። እሷ ለጓደኞቿ አሳየች፤ ከዚያም ለእናቴ ደሴ ሄዳ ፓስፖርት ልታወጣ እንደፈለገች ነገረቻት። ትምህርቱን ትታ። ይኼን ስሰማ የዐሚ አንገት ትዝ አለኝ፣ ደፍቶ የቆመው። ዐሚ 300 ሪያል ነበር የሚከፍለው። እሷ ምን እንደምትከፍል እናንተ ታውቃላችሁ።

ደወልኩላት። መኪናው የማን እንደሆነ፣ ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንዳበራ፣ ከሥሩ ምን እንደነበር ነገርኳት። ወገቤን እንደሚያመኝ፣ የምተኛበት ክፍል መስኮት እንደሌለው፣ የተቆረጠብኝን 300 ሪያልም። ጥሩውንም አልደበቅኩም፤ የእናቴ መድኃኒት ከዚህ እንደሚገዛ፣ ቆርቆሮ ያለበሰው ቤታችን ከዚህ እንደተሠራ እሷም ታውቃለች። አትምጪ አላልኳትም፤ እኔ መጥቼ እሷን መከልከል አይሆንልኝም። ብቻ ኮፈኑን በፀሐይ አሳየኋት።

ብዙ ቆይታ «ለምንድነው ያኔውኑ ያልነገርሽኝ?» አለች። ማዳምም ያለችኝ ይኼንኑ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ «ጭረቱስ ጠፋ?» አለችኝ። ጋራዡ አብዛኛውን አወጣው፤ ከኮፈኑ ጫፍ ላይ ግን አንድ ሁለት ጥልቅ አሉ፣ ያን ለማውጣት ሽፋኑ አይበቃም ብለው ተዉት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ይታያሉ። ዐሚ በየዓርቡ ሲያጥብ እዚያ ጋ ሲደርስ ስፖንጁን ለእኔ ይሰጠኛል፣ ራሱ ወደ ጎማው ያልፋል።

እህቴ ፓስፖርቱን እስካሁን አላወጣችም፤ ትታዋለች ማለቴ ግን አይደለም። ፎቶውን አጥፊልኝ ብያት እንቢ አለች። «አምሮብሻል» ትላለች።